ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት፦ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድን በቤተ ሙከራ ውስጥ በጥንቃቄ ስለ መያዝ

እ.ኤ.አ. በ1994 በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ፣ አንድ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ብቻውን ተቀምጦ ሲሠራ ከ100 እስከ 230 ሚሊ ሊትር የሚገመት፣ ጥንካሬው (ማለትም በውሃው ውስጥ ያለው የአሲድ መጠን) 70 በመቶ የሆነ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ጭኑ ላይ ፈሰሰበት። ቀጭን ውሃ በሚያወርድ ቱቦ ታጠበ፤ አሲድ የጠጣውን ልብሱን ግን አላወለቀም። ከዚያም በአቅራቢያው ወደነበረ የዋና ገንዳ ገብቶ አምቡላንስ እስኪደርስ ጠበቀ። ማርከሻው የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ቁስሉ ላይ አልተቀባም። የተቃጠለው ቆዳ ከመላ ሰውነቱ 9 በመቶ ያህል ነበር። በሰባተኛው ቀን እግሩ ተቆረጠ፤ በ15ኛው ቀን ሕይወቱ አለፈ።

ጽሑፉን በዚህ ሰው ታሪክ የጀመርሁት አንባቢን ለማስፈራራት ብዬ አይደለም። አሲዱ ከፈሰሰ በኋላ በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች ሊያድኑት ይችሉ የነበሩት ነገሮች ሁሉ፣ ማለትም አብሮት የሚሠራ ሰው፣ ሽርጥ፣ ብዙ ውሃና ጄል፣ ከመፍሰሱ በፊት መዘጋጀት የነበረባቸው ናቸው። ከዚህ አሲድ ጋር የሚሠራ ሰው በሰላም ወደ ቤቱ መመለሱ በአብዛኛው የሚወሰነው የዕቃው ክዳን ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ሁሉ ወደዚሁ ይመለሳል።

ከሌሎች አሲዶች የሚለየው በምንድን ነው?

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ በውሃ ሲሟሟ የሚገኝ፣ ቀለም የሌለው፣ በዓይን ሲታይ ከውሃ የማይለይ ፈሳሽ ነው። ለቤተ ሙከራ በብዛት የሚቀርበው ከ40 እስከ 49 በመቶ በሚደርስ ጥንካሬ ሲሆን 70 በመቶ የሆነም አለ። የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ‹ደካማ አሲድ› ብለው ይመድቡታል። አመዳደቡ በሳይንሱ ቋንቋ ትክክል ነው፤ ለጀማሪ ግን ከዚህ የበለጠ አሳሳች ቃል አላውቅም። ደካማ የተባለው በውሃ ውስጥ አብዛኛው ሞለኪውል የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው ቅንጣቶች፣ ወደ አዮኖች፣ ሳይከፋፈል ስለሚቀር ብቻ ነው፤ ሰውን ክፉኛ የሚጎዳውም በዚሁ ባሕርይው ነው። ሰልፈሪክ አሲድ ወይም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ከላይ ያቃጥላል፤ ሕመሙም ሰውየውን ወዲያውኑ ወደ ውሃ ያስሮጠዋል። ያልተከፋፈለው የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሞለኪውል ግን የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው በቆዳው ውስጥ በቀላሉ ሰርጎ ያልፋል፤ ሥጋ ውስጥ ከደረሰ በኋላ ነው ተከፋፍሎ የፍሎራይድ አዮንን የሚለቀው።

ፍሎራይድ በሰውነት ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም አጥብቆ ይይዛል፤ ከካልሲየም ጋር ሲጣመርም የማይሟሟ ጨው ይሆናል። በዚህ ምክንያት በአካባቢው ያሉት ሕዋሳት ይሞታሉ፤ አሲዱ እስከ አጥንት ከዘለቀ አጥንቱም ይጎዳል። ወደ ደም የገባው ፍሎራይድ በበኩሉ የደሙን ካልሲየም ይቀንሳል፤ ፖታሲየም ደግሞ ከሕዋሳት እየወጣ በደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል። የልብ ምት የሚስተካከለው በእነዚህ ማዕድናት ሚዛን ስለሆነ ሚዛኑ ሲናጋ ምቱ ይዛባል፤ ሊቆምም ይችላል። ስለዚህ ጥንካሬው ከ50 በመቶ በላይ የሆነ አሲድ ከሰውነት 1 በመቶውን፣ ይኸውም የተጎጂውን መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ቆዳ፣ ካቃጠለ፣ ወይም የትኛውም ጥንካሬ ያለው አሲድ 5 በመቶውን ካቃጠለ፣ ጉዳዩ የቆዳ ቁስል ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ መላ ሰውነትን የመረዘ አደጋ ተብሎ በሆስፒታል መታከም አለበት።

ከሁሉ የከፋው ዝምታው ነው። ጥንካሬው ከ50 በመቶ በላይ የሆነው ወዲያውኑ ያሳምማል። ከ20 እስከ 50 በመቶ የሆነው ግን ሕመሙ የሚሰማው ከ1 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ከ20 በመቶ በታች የሆነው ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ምንም ላይሰማ ይችላል። ጠዋት ጓንት ላይ በነበረች ሽንቁር የገባች ጠብታ ሌሊት ከእንቅልፍ የምትቀሰቅሰው ለዚህ ነው። ‹አላቃጠለኝም› ብሎ ሥራን መቀጠል በዚህ አሲድ ዘንድ ቦታ የለውም።

ትነቱም ቸል የሚባል አይደለም። ውሃ የሌለበት ንጹሕ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚፈላው በ19.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ጠንካራው መፍትሔም በክፍል ሙቀት ይጨሳል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን የፈቀደው አማካይ መጠን 3 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 3 ክፍል) ሲሆን ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ተብሎ የተመዘገበው ደግሞ 30 ፒፒኤም ነው። በትነቱ የተጎዳ ሳንባ ከሰዓታት በኋላ ውሃ ሊቋጥር ይችላል።

የቀደሙት ኬሚስቶች ይህን ሁሉ የተማሩት በገዛ አካላቸው ነው። ካርል ቪልሄልም ሼሌ አሲዱን እ.ኤ.አ. በ1771 ካጠና በኋላ በአሲዱ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር፣ ፍሎሪንን፣ ነጥሎ ለማውጣት ከመቶ ዓመት በላይ ተደክሟል፤ በዚያ ድካም አየርላንዳውያኑ የኖክስ ወንድማማቾች ክፉኛ ተመርዘዋል፣ ፖሊን ሉዬና ጄሮም ኒክሌስም ሕይወታቸውን አጥተዋል። አንሪ ሙዋሳን የተሳካለት በ1886 ነው።

አስቀድሞ የሚመለስ ጥያቄ

ሙከራው ያለ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሊሠራ አይችልምን? የአለት ናሙናን ለመተንተን፣ ለምሳሌ፣ ናሙናውን ከሊቲየም ሜታቦሬት ጋር አቅልጦ ማሟሟት በብዙ ሁኔታ አሲዱን ያስቀራል። የግድ ከሆነ ደግሞ ሥራው የሚፈቅደውን ቀጭን መፍትሔና ትንሽ መጠን ይምረጡ፤ በ5 በመቶ የሚሠራን ሥራ በ49 በመቶ መጀመር ምክንያት የሌለው ድፍረት ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቀጭን መፍትሔ ከተገኘ መግዛት ጠንካራውን አምጥቶ ከማቅጠን ይሻላል።

አሲዱ በሌላ ስም ሊመጣ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። አሞኒየም ባይፍሎራይድ በውሃ ሲሟሟ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድን ይሰጣል፤ ሶዲየም ፍሎራይድን የመሰለ ጨው ከጠንካራ አሲድ ጋር ሲቀላቀልም እንዲሁ። አንዳንድ የዝገት ማስለቀቂያዎችና የብረት ማጽጃዎችም ይዘውታል። ስለዚህ በመለያው ላይ ‹ፍሎራይድ› የሚል ቃል ሲገኝ ከአሲድ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ማሰብ ያስፈልጋል።

ከሥራው በፊት መሟላት ያለባቸው

በመጀመሪያ ጄሉን ይፈልጉ። 2.5 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አሲዱ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ እጅ በሚደርስበት ግልጽ ቦታ መኖር አለበት፤ በተቆለፈ መሳቢያ ወይም በሌላ ፎቅ ያለ ጄል እንደሌለ ይቆጠራል። የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከአንድ በላይ ቱቦም ይኑርዎት፣ አንድ ክንድን ደጋግሞ ለመቀባት አንድ ትንሽ ቱቦ አይበቃም። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ካልተገኘ የመድኃኒት ባለሙያ 2.5 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት በ100 ሚሊ ሊትር በውሃ በሚሟሟ ማለስለሻ ጄል ቀላቅሎ ሊያዘጋጅልዎ ይችላል። ጄል ከሌለ ሥራው ሊጀመር አይገባም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ድርድር የሚቀበል ኃላፊ ኃላፊነቱን አልተረዳም ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ሰው ያስፈልጋል። ብቻዎን፣ ሌሊት ወይም ሌሎች በሌሉበት ቀን አይሥሩ። አብሮዎት የሚሆነው ሰው በአጠገብ መቆሙ ብቻ አይበቃም፤ ጄሉ የት እንዳለ፣ ውሃው እንዴት እንደሚከፈት፣ ለማን እንደሚደወል ማወቅና ራሱም ጓንት ማዘጋጀት አለበት። በአቅራቢያው ያለው የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ስለዚህ አሲድ ቃጠሎ ዕውቀቱና መድኃኒቱ እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅም ተገቢ ነው። የአሲዱን ስም፣ ጥንካሬውንና የመጀመሪያ እርዳታውን የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ከጄሉ ጋር ይቀመጥ፤ አደጋ ሲደርስ ከተጎጂው ጋር ወደ ሐኪሙ ይሂድ። በጭንቅ ሰዓት ስም ይረሳል።

የድንገተኛ ገላ መታጠቢያውና የዓይን ማጠቢያው ውሃ እንደሚወርድባቸው በዚያው ቀን ከፍተው ይሞክሩ።

አሲዱ የሚቀመጥበት ዕቃም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በቤተ ሙከራ ልማድ የማንኛውንም ኬሚካል መያዣ ‹ጠርሙስ› እንላለን፤ ይህ አሲድ ግን ብርጭቆን ስለሚበላ በእውነተኛ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥም። ሸክላን፣ ሲሚንቶንና ብዙ ብረቶችንም ያጠቃል፤ ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ሃይድሮጅን ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። የሚስማሙት መያዣዎች ፖሊኢቲሊን፣ ፖሊፕሮፒሊንና ቴፍሎን ናቸው። ዕቃውን ከዓይን ከፍታ በታች፣ ፈሳሹ ቢያመልጥ ሊይዝ በሚችል የፕላስቲክ ገበታ ውስጥ፣ ከብርጭቆ ዕቃዎችና ከአልካሊዎች ለይተው ያስቀምጡ፤ በላዩም ሙሉ ስሙን ይጻፉ። በምህጻር የተጻፈ ስም ለጻፈው ሰው ብቻ ይገባዋል።

አለባበስ

አንድ ንብርብር ቀጭን የናይትራይል ጓንት ከዚህ አሲድ አይከላከልም፤ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀጭኑን ከውስጥ ይልበሱና በላዩ ከኒዮፕሪን ወይም ከቢዩታይል ጎማ የተሠራ፣ አንጓን አልፎ የሚረዝም ወፍራም ጓንት ይደርቡ። የውጪውን ጓንት ከመልበስዎ በፊት በአየር ነፍተው ሽንቁር እንደሌለው ይመርምሩ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ፤ በሥራቸው የገባን ጠብታ ውሃ በቀላሉ አይደርስበትም። በዓይን ላይ ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽር፣ በዚያ ላይ ሙሉ የፊት መከለያ ይደረጋል። አሲድ የማያሳልፍ ሽርጥ ከደረት እስከ ጉልበት በታች መድረስ አለበት፤ ጫማው የተዘጋ፣ ሱሪውም ረጅም ይሁን። የፐርዙን ሰው ያስታውሱ፤ ፈሳሹ ያረፈው ሽርጥ በሚሸፍነው ስፍራ ላይ ነበር። በተቻለ መጠን ቆመው ይሥሩ፤ የተቀመጠ ሰው የፈሰሰውን በጭኑ ይቀበላል፣ ለመሸሽም ይዘገያል።

በሥራ ላይ

ሥራው ሁሉ ትነትን ወደ ውጭ በሚስበው የመሥሪያ ሳጥን፣ በተለምዶ ፊውም ሁድ በሚባለው፣ ውስጥ ይከናወናል። ተንሸራታች መስኮቱን ሥራው በሚፈቅደው መጠን ዝቅ ያድርጉት፤ የብርጭቆ መስኮት ከጊዜ በኋላ በትነቱ ሊደበዝዝ ስለሚችል ዘወትር ለሚሠራበት ፖሊካርቦኔት ይሻላል። በፕላስቲክ ገበታ ላይ ይሥሩ፤ ቤከሩ፣ መለኪያው፣ ማማሰያው፣ ሌላው ቀርቶ ቴርሞሜትሩ እንኳ ከብርጭቆ የተሠራ እንዳይሆን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ወደ ትንሽ ዕቃ ቀድተው ዋናውን ወዲያውኑ ይክደኑና ወደ ቦታው ይመልሱ። ሲያቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው በዝግታ ይጨምሩ፤ በተቃራኒው አይሁን።

በጓንት የነኩትን እጀታ፣ ስልክ ወይም ደብተር ሌላ ሰው ባዶ እጁን እንደሚነካው ያስቡ። በገበታው ላይ የታየች እያንዳንዷ ጠብታ ውሃ መሆኗ እስኪረጋገጥ ድረስ አሲድ ናት።

አሲዱ ሲፈስ

ከፊውም ሁዱ ውጭ ብዙ አሲድ ከፈሰሰ ሁሉም ክፍሉን ለቆ ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ፣ ለዚህ የሠለጠነና የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው ቡድን ይጠራ። በፊውም ሁዱ ውስጥ ትንሽ ከፈሰሰና ሙሉ ልብስዎን እንደለበሱ ከሆነ ካልሲየም ካርቦኔት ወይም የኖራ ዱቄት ከዳር ወደ መሐል በዝግታ ይነስንሱበት፤ ፍሎራይዱ ወደማይሟሟው ካልሲየም ፍሎራይድ ይለወጣል። ቤኪንግ ሶዳ አሲድነቱን ቢያጠፋም ፍሎራይዱን በሚሟሟ መልክ ስለሚተወው የቀረው ፈሳሽ አሁንም መርዝ ነው። አሸዋና ሲሊካ ያለበት መምጠጫ በፍጹም አይጠቀሙ፤ አሲዱ ከሲሊካ ጋር ተዋህዶ ሲሊኮን ቴትራፍሎራይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ለሌሎች አሲዶች የተገዛው ተራ የማጽጃ ሳጥን ለዚህኛው የማይሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሰው ላይ ሲደርስ

ከዚህ በኋላ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው። ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ሥር ይግቡ፤ ልብሱ የሚወልቀው ውሃው እየወረደ ነው፤ እፍረት እዚህ ቦታ የለውም። መነጽሩ የሚወልቀው ፊት ከታጠበ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። የሚረዳው ሰው ጓንት ሳያደርግ ተጎጂውን አይንካ። ጄሉ በእጅ ካለ 5 ደቂቃ መታጠብ ይበቃል፤ ማርከሻውን ማዘግየት ከውሃው ትርፍ ይልቅ ይጎዳልና። ጄል ከሌለ ሕክምና እስኪገኝ ድረስ ውሃው አይቋረጥ።

ታጥበው ሲጨርሱ ጄሉን በቦታው ላይ በብዛት ቀብተው ያለማቋረጥ ይሹት፤ ከ10 እስከ 15 ባለው ደቂቃ ልዩነትም አዲስ ይጨምሩ። የተጎዳው እጅ ከሆነ ንጹሕ ጓንት ውስጥ ጄል ሞልቶ እጁን ማስገባት ይረዳል። በጥፍር ሥር የገባው በተለይ አስቸጋሪ ስለሆነ እዚያ አብዝተው ይቀቡ። ሕመሙን ለማደንዘዝ መድኃኒት መቀባት ወይም መርፌ መውጋት አይገባም፤ ሕክምናው እየሠራ መሆኑ የሚታወቀው ሕመሙ በመቀነሱ ስለሆነ የደነዘዘ ቁስል ሐኪሙን ያሳስተዋል። ሕመም ቢጠፋም ባይኖርም ተጎጂው ጄሉ እየተቀባለት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል።

አሲዱ ዓይን ውስጥ ከገባ የዐይን ቆብን በጣት ከፍቶ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው፤ ለቆዳ የተዘጋጀው ጄል ዓይን ውስጥ አይገባም። ትነቱን የተነፈሰ ሰው ወደ ንጹሕ አየር ይወጣል፣ ደህና የሆነ ቢመስልም ለሰዓታት በሐኪም ክትትል ሥር ይቆያል። የዋጠ ሰው እንዲያስታውክ አይደረግም፤ ራሱን ካልሳተ ወተት ወይም ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት ይሰጠውና በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

ለሐኪሙ ‹አሲድ አቃጠለው› ማለት አይበቃም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መሆኑን፣ ጥንካሬውን፣ ያረፈበትን ስፋትና ሰዓቱን ይንገሩ፤ የልብ ምት በኤሌክትሮካርዲዮግራም እንዲታይና የደም ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ተደጋግሞ እንዲለካ ይጠይቁ። ሐኪሙ ካልሲየም ግሉኮኔትን በቁስሉ ዙሪያ ወይም በደም ሥር ሊሰጥ ይችላል።

ከሥራው በኋላ

የተጠቀሙበት አሲድ ወደ ፍሳሽ አይደፋም፤ ስሙ በተጻፈበት፣ ጋዝ የሚያስተነፍስ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ለብቻው ይጠራቀማል። ወደ ብርጭቆ የቆሻሻ መያዣ በስህተት የተጨመረ እንደሆነ ዕቃውን ይበላዋል፤ በጥብቅ ከተከደነም በውስጡ የሚፈጠረው ጋዝ ሊያፈነዳው ይችላል። ገበታውን፣ ዕቃዎቹንና የውጪውን ጓንት ገና በእጅ ሳለ በብዙ ውሃ ይጠቡ፤ የመጀመሪያው እጣቢም ወደ ቆሻሻ መያዣው ይግባ። ቀጥሎ የውጪው ጓንት፣ ከዚያ ሽርጡና የፊት መከለያው፣ በመጨረሻ የውስጡ ጓንት ይወልቃል፤ እጅም በሳሙናና በውሃ ይታጠባል።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ ቀን የሥራው አካል አድርገው ይቁጠሩት። በዚያ ቀን ከአሲዱ ጋር የሠራ ሰው አንድ ቱቦ ጄልና የአሲዱ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ አብሮት ለሚኖረውም ሰው ያሳይ። ሌሊት ጣት ውስጥ የሚወጋ ወይም የሚያመረቅዝ የሚመስል ሕመም ከተሰማ፣ ቆዳው ምንም ባይቀላ እንኳ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም፦ ታጥቦ፣ ጄሉን ቀብቶ፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።